ጫማዬ ያመጣው አዲስ እንቅስቃሴ

ዛሬ ጠዋት መድረክ ላይ ጫማዬ ወለቀ፤ ሃያ ሰው አብሮኝ ጎንበስ አለ።

የሆሳዕና ከተማ ልጆች ታውቁናላችሁ፤ የኛ መዘምራን ሲንቀሳቀሱ እንደ አንድ ሰው ነው። አሰልጣኛችን ጋሽ ኤርጃቦ ሁሌም "ፊት ያለችውን እዩ። ከሳታችሁም አብራችሁ ሳቱ" ይሉናል።

ፊት ያለችው እኔ ነኝ።

መዝሙሩ መሃል ግራ ጫማዬ ወልቆ ቀረ። በእግሬ ልፈልገው ወደ ኋላ ረገጥኩ፤ አጣሁት፤ ደገምኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አጠለቅኩት። ቀና ስል ቤቱ በእልልታ ቀልጧል።

በኋላ ቪዲዮውን ሳየው፣ ከኋላዬ ያሉት በሙሉ ሁለቴ ረግጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ አብረውኝ ቀና ብለዋል። አንዷማ ያልወለቀ ጫማዋን አስተካክላለች።

ከአንጋጫ በእንግድነት የመጡት መዘምራን መሪ ጋሽ ኤርጃቦን "ጋሼ፣ ያቺ ጎንበስ የምትሉባት ትርጉሟ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቃቸው።

ዓይናቸውን በጨው ታጥበው፣ "ትሕትና" አሉት።

እና ቅዳሜ አንጋጫ ሄደን ያቺኑ እንቅስቃሴ ልናስተምር ነው። ጋሽ ኤርጃቦ ለብቻዬ ጠርተውኝ "ያንኑ ጫማ አድርጊ፤ ሌላ እንዳትገዢ" ብለውኛል።

እስቲ እናንተም ተሳስታችሁ የተጨበጨበላችሁን ቀን ጻፉልኝ፤ ብቻዬን ትሑት አታድርጉኝ።