ያልማልኩበት መጽሐፍ

የያዙኝ ከማሳዬ ላይ ነው። ከሁሩታ እስከ አሰላ በጭነት መኪና፣ እጄ ወደ ኋላ ታስሮ፣ በእህል ጆንያ መሐል ተቀምጬ ሄድኩ። አሰላ ስንገባ ያካፋ ነበር። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ፖሊሱ በር ላይ ጫማዬን አስወልቆ ወደ ውስጥ ገፈተረኝና ቆለፈ።

ክፍሏ በርምጃ አራት በሦስት ነች። ወለሉ አፈር፣ ጥጉ ላይ የሽንት ባልዲ፣ ከግድግዳው አናት ክንድ የማታስገባ መስኮት። ከመስኮቷ ሥር አንድ ባለመነጽር ወጣት ካፖርቱን አንጥፎ ተቀምጧል።

"ካፖርቴን እንዳትረግጥ" አለኝ። ሰላምታው ይቺ ነበረች።

ጥፋቴን ልናገር። ከአብዮቱ ሁለት ሦስት ዓመት በፊት፣ ትራክተር በየማሳው የገባበት ጊዜ ነው። ባለመሬቱ፣ አባቴም እኔም ስናርሰው የኖርነውን መሬት በትራክተር ላርሰው ነውና ልቀቁ አለን። ትራክተሩ የመጣ ዕለት እኔና ጎረቤቶቼ በሬዎቻችንን እንደ ተጠመዱ ፊቱ ደርድረን አቆምን። ሾፌሩ በበሬ ላይ መንዳት አልደፈረም፤ ዞሮ ሄደ። ሐሳቡ የኔ ነበር። ፖሊስ ግን ይህን አላመነም። ጭሰኛ ከራሱ ጭንቅላት ይህን ያህል አያወጣም ብለው ነው መሰለኝ።

ወጣቱ ሁሩታ ለአንድ ዓመት ሊያስተምር የተላከ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ወረቀት በተነ ብለው ነው ያሰሩት። ከዚያ በፊት ዓይኑን አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው ሃምሳ አለቃ ቢሮው አስጠራኝ።

"በሬ አቁሙ ያላችሁ ያ ተማሪ ነው። እስላም አይደለህ? በቁርኣን ትምላለህ፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። አለዚያ እዚሁ ትበሰብሳለህ፤ ትራክተሩም ጎጆህን ጠርጎት ይሄዳል።"

"እኔ ልጁን አላውቀውም፣ ጌታዬ።"

"ታውቀዋለህ ወይ ማን አለህ? ማል ነው የተባልከው። እስከ ቀትር አስብበት።"

ሚስቴ ስምንት ወሯ ነበር። እሷን እያሰብኩ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

"ምን አሉህ?" አለኝ ተማሪው።

"በቁርኣን በውሸት ማል አሉኝ። ከማልኩ ይለቁኛል።"

በሱ ላይ መሆኑን አልነገርኩትም። እንዲለማመጠኝ አልፈለግኩም።

ሳቀ። "ታዲያ ማልና ውጣ! ወረቀትና ቆዳ ምን ያደርግሃል?"

"አላህ ይሰማል።"

"አይተኸዋል?"

"አላየሁትም።"

"እንግዲያ ማስረጃህ ምንድን ነው? ማታ ስትነግረኝ፣ ባለመሬቱ ፍርድ ቤት ወንጌል ይዞ 'አባቱ እዚህ መሬት ላይ ሞፈር አላሳረፈም' ብሎ ማለ አላልከኝም? ምን ሆነ? መብረቅ መታው?"

"አልመታውም።"

"ስንዴውስ?"

"አማረለት። ከኔ ገብስ በለጠ።" እውነት ነዋ፣ ምን ልበል?

"አየህ፣ በዚህ በማይታይ ነገር ነው አንገታችሁን አስደፍተው የሚገዟችሁ። ሳያዩ ማመን የሞኝ ሥራ ነው።"

"አንተስ? መሬት ላራሹ ይሆናል እያልክ ወረቀት ትበትናለህ። የት አየኸው? አምጣና አሳየኛ!"

"እሱ ሌላ ነው። እሱ የታሪክ ሕግ ነው።"

"ሕጉንስ አይተኸዋል?"

"ደንቆሮ!" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ያንተም የተማረው አፍህ ብቻ ነው" አልኩት።

ቀትር ላይ ጠሩኝ። ቁርኣን የሚነካ ሰው ውዱእ ማድረግ አለበት፤ ውሃ ጠየቅኩ፣ በጣሳ አመጡልኝ። አልዋሽም፣ እጄንና እግሬን ስታጠብ ገና አልቆረጥኩም ነበር። ግማሽ ልቤ ማልና ቤትህ ግባ ይለኛል።

ጠረጴዛው ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም መጽሐፍ አለ። እጄን ጫንኩበት።

"በል፣ ተማሪው ነው ያነሳሳን በል።"

አፌን ከፈትኩ። ምላሴ እምቢ አለኝ ብል ያምር ነበር፤ እምቢ ያልኩት ግን እኔው ነኝ።

"አልምልም። በሬ ያቆምኩት እኔ ነኝ።"

በጥፊ አጮለኝ። ከዚያ ጨርቁን ገፈፈና መጽሐፉን አፍንጫዬ ላይ ደቀነው። "እይ! የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው! ከየት አባቴ ቁርኣን አመጣልሃለሁ? ይህን ፈርተህ ነው ቤትህን የምታፈርስ?"

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ሳቁ።

"የፈራሁት መጽሐፉን አይደለም" አልኩት። ሌላ ጥፊ ጨመረልኝ።

ራሱ እየጎተተ ክፍሉ ውስጥ ወረወረኝና ወደ ተማሪው ዞረ። "ይህን ገበሬ ምን አቅምሰኸው ነው? ባንተ ላይ ማል ብለው ቤቴ ይፍረስ አለ!"

በሩ ተዘጋ። ተማሪው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"በኔ ላይ ነበር?"

"አዎ።"

"ጠዋት ማል ስልህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ምን ትጨምርልኛለህ?"

"እንግዲህ ባለውለታህ ነኝ ልትለኝ ነው" አለ።

"አልልም። ላንተ ብዬ አይደለም። አንተን አልወድህም።"

"እኔም አልወድህም።"

ውዱኤ አልፈረሰም ነበር። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ደርሷል፤ ልሰግድ ተነሳሁ። ዞረን የምንሰግድበት ቂብላው በሱ በኩል ነው። እግሩን አልሰበሰበም፤ እኔም ሰብስብ ብዬ አልለመንኩትም። ግንባሬን መሬት ሳስነካ ለሱ እግር የሰገድኩ እንዳይመስለው፣ "አላሁ አክበር" ያልኩት ጮክ ብዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወሰዱት። ወዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ አምስት ወር ተቀመጥኩ። ጎጆዬን ትራክተሩ ጠረገው፤ ሚስቴ ኦጎልቾ ከተማ ወንድሟ ቤት ወለደች። በዚያም ዓመት የባለመሬቱ ስንዴ አማረ።

በኋላ መሬት ላራሹ ታወጀ። ተማሪው ሳያየው ያመነው መጣ፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባኛል። እኔ ሳላየው ያመንኩት ግን እስካሁን ለዓይኔ አልታየኝም።

አሁን በሰፈራችን የተማሩ ልጆች ሞልተዋል። "አባባ፣ ፈጣሪ ለመኖሩ ማስረጃዎ ምንድን ነው?" ይሉኛል። የለኝም እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ሃምሳ አለቃው ዘንድ የነበረው ነገር ሁሉ፣ ጥፊውም ቁልፉም፣ የሚታይ ነበር። የሚታየውን ማመን ምን ይቸግራል? ዱላን ውሻም ያምናል።