በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማርነው ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር የተማርኩት መካነ ሰላም ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። ተማርኩ ለማለት አፌን ይይዘኛል። አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ኮምፒዩተር ጻፍኩ፣ ሸመደድኩ፣ ተፈተንኩ፤ ኮምፒዩተር ግን አልነካሁም። ማሽን ጠፍቶ አይደለም። ከመማሪያ ክፍላችን ሁለት በር አለፍ ብሎ፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረው ነበር። በመስኮት እናያቸዋለን። ከደሴ ወይም ከባሕር ዳር እንግዳ ሲመጣ ጨርቁ ይገፈፋል፣ ወለሉ ይወለወላል፣ እኛም ተጠርተን ፊታቸው እንቀመጥና ፎቶ እንነሳለን። እንግዳው ሲሄድ ጨርቁ ይመለሳል።

አስተማሪያችን ገና ከትምህርት የወጣ ወጣት ነበር። «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት በማሽኑና በሰው መካከል ሆኖ የማሽኑን ሥራ የሚመራ ሶፍትዌር ነው» እያለ ያስጽፈናል። ለየፕሮግራሙ የሚበቃውን ሜሞሪ ያከፋፍላል፣ ፋይሎችን በየቦታቸው ያስቀምጣል፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል ይወስናል፤ ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣው ነበር። ስክሪኑን በጠመኔ ይስልልናል፤ አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን፣ በውስጡ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች። እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ክሊክ ታደርጋላችሁ ይላል፣ ሰሌዳውን በጣቱ እየመታ። አንድ ቀን፣ ማሽኑ በርቶ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እስኪነሳ ያለው ሂደት «ቡት ማድረግ» ይባላል ሲለን፣ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ የጭቃ ጫማውን ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ከጭቃ ጫማ ሌላ ቡት የት አይታ ታውቃለች?

የክፍሉ ቁልፍ ያለው የንብረት ክፍል ኃላፊው ዘንድ ነበር። ሸምገል ያሉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሄጄ ለመንኳቸው። ማሽኖቹ በእሳቸው ስም እንደተፈረሙ፣ አንዱ ቢበላሽ የሚጠየቁት እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። «አብሽሪ፣ ለምዘናው ይከፈታል» አሉኝ።

እውነትም ለምዘናው ተከፈተ። መዛኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ነበር። ባዶ ማሽን ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንድጭን፣ የተጠቃሚ አካውንት እንድከፍት፣ ከዚያም ፎልደር እንድፈጥር አዘዘኝ። ቁጭ ብዬ ከፊቴ ያለውን ማብሪያ ተጫንኩ። አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ አለች፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ቡት እያደረገ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ለካ ያበራሁት ስክሪኑን ብቻ ነው። ዋናው ሣጥን ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ እሱን ሰሌዳው ላይ የሳለልን የለም። መዛኙ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግራ ገባኝና የኦፕሬቲንግ ሲስተምን ተግባራት ከአንድ ጀምሬ አነበነብኩለት። ሳያቋርጠኝ አስጨረሰኝ።

«እህቴ፣ እሱን አልጠየቅኩሽም» አለኝ በቀስታ። «ማሽኑን አብሪው።»

ወረቀቴ ላይ «ገና ብቁ አይደለችም» ተብሎ ተጻፈ። ከክፍላችን ያለፉት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ክረምቱን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ከርመው ኮምፒዩተር የነኩ።

አባቴ የገጠር ደብር መሪጌታ ናቸው። ቤት ስደርስ ሳታጠኚ ቀርተሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩባቸው። አንድ ቀን እንኳ ያልነካሁትን ነገር እንዴት ልወቅ አልኳቸው። እናቴ ደንግጣ አፏን ያዘች። አባቴ ግን አልተቆጡም። ዓመቱን ሙሉ ምን ይዛችሁ ነበር የምትማሩት አሉኝ። ደብተር አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ከእኔ ጋር ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው መካነ ሰላም ገቡ። የማሠልጠኛው ዲን የኔታ ብሎ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ስለ መለዋወጫ እጥረት፣ ስለ ንብረት አያያዝ ብዙ አወራ። አባቴ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«እኔ ተማሪ አስተምራለሁ» አሉት። «ዳዊት በእጁ ያልያዘን ልጅ ዳዊት ድገም ብዬ አልገርፈውም። ገጹ በጣት ብዛት ቢያልቅ ይለቅ፤ ሊነበብ አይደል የተጻፈው?»

ዲኑ በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የንብረት ኃላፊው ባሉበት፣ ለወደቅነው እንዲከፈትልን ፈቀደ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጨርቁን ስንገፍፍ ስክሪኖቹ የፋብሪካ ላስቲካቸው እንኳ አልተላጠም። አንዱ ሣጥን ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልነሣ አሉ፤ ከመጠበቅ ብዛት አርጅተዋል። አስተማሪያችን እንዲያሳየን ዞር ስንል ላብ አጥምቆታል። ዓይኑን ሰብሮ፣ እሱም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭኖ እንደማያውቅ ነገረን። የተማረበት ቦታ አንድ ማሽን ለሃያ ነበር፤ ያየው የሌላ ሰው ጀርባ ነው። ያን ጊዜ ንዴቴ መድረሻ አጣ። ዓመቱን ሙሉ በልቤ የረገምኩት እሱን ነበር፤ ለካ እሱንም እንደኛው አድርገውታል። ማንን ልጣላ?

እየተሳሳትን ጀመርን። አንዱን ማሽን ጭራሽ ገደልነው። ሌላው ላይ ጭነን ጭነን ዘጠና ከመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ፤ ከዜሮ ጀመርን። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ግን ተሳካልኝ። ማሽኑ ተነሣ። ሥራ ላይ ያሉትን ነገሮች ዝርዝር ስከፍት፣ ማንም ያልጠራቸው ስንትና ስንት ፕሮግራሞች ከሥር ሜሞሪ እየተካፈሉ ይሠራሉ። ያ በቃሌ የምወጣው ዓረፍተ ነገር ይህን ማለቱ ኖሯል። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ መጣ፤ ከቁጭት ነው። ይህ ነገር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ለግማሽ ቀን ሥራ ዓመቴን በልተውታል።

የንብረት ኃላፊው በየቅዳሜው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ወንበራቸውን ይዘው ወደኔ ቀረቡ። «እስቲ እኔ ላብራው» አሉኝ። ማብሪያውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑትና ስክሪኑ ሲበራ እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። ያን ሁሉ ዓመት ሲጠብቋቸው አንዱንም አብርተው አያውቁም።

ሁለተኛውን ምዘና አለፍኩ። ዛሬ እኔ ራሴ ከመካነ ሰላም ራቅ ባለች የገጠር ከተማ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችን ማሽኖች ጥቂት ናቸው፤ ጨርቅ ግን አይለብሱም። ባለፈው ወር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሲስተሙን ፎልደር አጥፍታ ማሽኑ አልነሣ አለ። ቁጭ ብላ ራሷ እንደገና እንድትጭነው አደረግኩ፤ ሦስት ክፍለ ጊዜ ፈጀባት። ርእሰ መምህሩ ይህን ሰምቶ፣ በንብረት ላይ ጉዳት እንዲደርስ አድርገሻል የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን ይዤ ቢሮው ገባሁ።

«ያበላሸችው እሷ ናት፣ የጠገነችውም እሷ ናት» አልኩት። «ሁለተኛውን ለምን አልጻፍከውም?»

መመሪያ ነው አለኝ። የትኛው መመሪያ እንደሆነ ብጠይቀው አላሳየኝም። ፈርሜ ተቀበልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ያቺው ልጅ የጓደኛዋን ማሽን የሲስተም ፎልደር አጥፍታ ጠበቀችኝ። ሆን ብላ ነው፤ እንደገና መጫን አምሯት። ተቆጣኋት። ጆሮዋ እስኪቀላ ተቆጣኋትና መጫኛው ያለበትን ፍላሽ ሰጠኋት።