የጭንጫው መቃብር

እናቴ አፈርን የምትመዝነው በሁለት ነገር ነበር፤ ምን ያበቅላል፣ ማንን ያሳርፋል። ለመጀመሪያው የቆቦን ሜዳ የሚያህል የለም። ጥቁሩ ዋልካ ከጋራው የሚወርደውን ጎርፍ አንዴ ከጠገበ፣ ዝናቡ ቢቀርም ማሽላውን ለፍሬ ያደርሰዋል። ለሁለተኛው ግን ሜዳው አይረባም። የጠጣውን ውሃ አይለቅም። በክረምት እዚያ የተማሰ መቃብር ሬሳው ከመውረዱ በፊት በጣሳ ይጨለፋል፤ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ጨላፊው ጎንበስ ቀና ሲል ለቀስተኛው ሁሉ ያላየ ለመምሰል ፊቱን ያዞራል።

ስለዚህ የመንደራችን ሙታን ጋራ ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ያለው ከመንደሩ በላይ፣ ወይራና ጽድ የሸፈነው ተዳፋት ላይ ነው። መሬቱ ጭንጫ ነው፤ አብዛኛው ድንጋይ፣ በድንጋዩ መሃል ቀላ ያለ ልል አፈር፣ ከላዩ የበሰበሰ ቅጠል። የቱንም ያህል ቢዘንብ ውሃ አይቆምበትም፤ በጠጠሩ መሃል ሾልኮ ወደ ታች ይሄዳል። ዝናብ እንዳባራ ከቅዳሴ የምትወጣ ሴት ጫማዋን ማየት ነው፤ ጭቃ የለበትም። እህል ዝሩበት ቢባል ግን ዘሩን እንኳ አይመልስም። ያቺንም አፈር ይዘው ያቆዩዋት ዛፎቹ ናቸው። ደኑ ያለቀበት የወዲያኛው ጋራ አፈሩን በጎርፍ ወደ ሜዳችን ልኮ ጨርሶ፣ ዛሬ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል።

ታናሽ ወንድሜ በጦርነቱ ሞተ። ወታደር አልነበረም፤ ባጃጅ ነጂ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ባጃጁ በቆመበት በዚያ ሰሞን፣ ማሽላውን ላየው ብሎ ሜዳው ላይ ወዳለው ማሳችን ወረደ፣ እዚያው ተመትቶ ወደቀ። ጥይቱ ከማን እንደመጣ የሚነግረን አላገኘንም። እኔም መጠየቅ ትቻለሁ። ወንድሜን የቀበረው፣ ማሳው ከማሳችን ጋር የሚዋሰን ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። ቃሬዛ ተሸክሞ ጋራ መውጣት ቀርቶ ከደጅ ብቅ ማለት በማይቻልበት ቀን ብቻውን ቆፍሮ፣ በገዛ ጋቢው ጠቅልሎ፣ ድንበሩ ላይ ካለው ግራር ሥር አስቀመጠው። ሜዳው ላይ ድንጋይ ስለሌለ ከደረቁ ወንዝ አንድ ትልቅ ድንጋይ ጎትቶ ከራስጌው አቆመለት። ከዚህ በላይ ወንድም ምን ያደርጋል?

አገሬው ሲያጽናና «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ይላል። ልቅሶ ቤት ይህን ያሏት ሁሉ እናቴን አቃጠሏት።

«የትኛውን አፈር?» አለቻት አንዷን ለቀስተኛ። «ዋልካ ገለባ ሆኖ ያውቃል?»

ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ተነሥታ በር ላይ ትቆማለች። «ልጄን ውሃ ገባበት» ትላለች። እኔ ቆቦ ከተማ ልብስ የምሰፋ፣ ከሰው ጋር ስከራከር የምውል ሴት ነኝ፤ ምላሴ አያርፍም። «ሙት አይበርደውም፣ ግቢ» ብዬ እቆጣታለሁ። ገብታ ትተኛለች፤ እኔ ደግሞ ዝናቡን እየሰማሁ እንቅልፍ አጣለሁ። ልቧ ደክሞ እግሯ ማበጥ ሲጀምር የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሳትሞት የልጇ አጽም ጋራ ላይ እንዲወጣ።

መምሬ ፈቀዱ። «ይፍለስ፣ ይገባዋል» አሉ። «ዛፍ ግን እንዳትነኩ። ሥርም ቢሆን።»

ስህተቱ የተጀመረው ከዚህ ነው፤ ስህተት ለመሆኑ ግን ማንም አላወቀም። በእኛ ወግ ከመሬት የወጣ አጽም ሜዳ ላይ አያድርም፤ በወጣበት ቀን መግባት አለበት። የጭንጫ መቃብር ደግሞ በአንድ ቀን ተምሶ አያልቅም። ስለዚህ የጋራው አስቀድሞ ይዘጋጅ ተባለ። ሌላም ወግ አለ፤ የተማሰ መቃብር ባዶውን አይደፈንም፣ ባዶውን የደፈኑት እንደሆነ ከዚያው ቤት ሰው ይጠራል ይባላል። ይህን የምናውቀው ሁላችንም ነን። ግን ሬሳው ያለበትን እያወቅን ምን ያስፈራናል?

ቆፋሪዎቹ የእናቴ ወንድምና ያ ጎረቤታችን ነበሩ። አጎቴ ሲጀምር «ጭንጫ አይቆፈርም፣ ይነቀላል» አለ። እውነቱን ነው። ድጅኖውን በሁለት ድንጋይ መሃል ሰክተው ይወዘውዛሉ፣ የላላውን በእጃቸው ያወጣሉ፤ ሰፋፊውን ለመቃብሩ ግድግዳ ወደ አንድ ወገን፣ ጠጠሩን ወደ ሌላ። የዶማው አፍ ሲጣመም ጎረቤታችን ወዲያ ወረወረውና ተንበረከከ።

«ከእጅ አይሻል ዶማ» አለ።

«አንተስ ከዶማው ትሻላለህ?» አለው አጎቴ። ሳቁ። የዚያን ቀን ሳቅ ነበረ።

መሃል ላይ ክንድ የሚያህል የወይራ ሥር አገኙ። አጎቴ መጥረቢያውን ሲያነሣ መምሬ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጥረቢያው ተመልሶ ተቀመጠ፣ መቃብሩም ሥሩን ዞሮ ጎባጣ ሆነ። እናቴ አይታ «ግድ የለም፣ እሱስ መቼ ቀጥ ብሎ ተኝቶ ያውቃል» አለች። ከዚያ እኔ ለቆፋሪዎቹ ያመጣሁትን ጀሪካን ውሃ ተቀብላኝ ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጠችው። ከልክሏት ብዬ ልጮህ ስል አጎቴ በእጁ ዝም አሰኘኝ። ውሃው ትንሽ ተንቦጫረቀ፣ ጠጠሩ ውስጥ ገባ፣ ጠፋ። እናቴ ፈገግ አለች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስትፈግግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔ ለአጽሙ ከረጢት ሰፋሁ። ስንት ሰው ለክቼ እንዳልሰፋሁ ሁሉ ጨርቁን ዘርግቼ መቀሱን ይዤ ቀረሁ። ቁመቱን አውቃለሁ፤ ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ ነበርኩ። ከእሱ ምን ያህሉ እንደቀረ ግን በምን ይለካል? መጨረሻ ላይ በግምት ቆርጬ ዙሪያውን ደርቤ ሰፋሁት፤ ስፌቱ እንዳይተረተር።

መቃብሩ ተምሶ ባለቀ ማግስት ሜዳ ወረድን። ጎረቤታችን ፊት ፊት እየሄደ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ግራሩ የለም። ከቀብሩ ወዲህ እሱም እኛም ያንን ዳር ለዓመታት ሸሽተነው ነበር። ለከሰል ተቆርጧል፤ ጉቶው እንኳ ተነቅሏል። ጎርፉ ከወዲያኛው ጋራ ያመጣው ደለል ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አልብሶታል። በጋ ስለነበር ከደለሉ በታች ዋልካው ክንድ እስኪያስገባ ተሰንጥቋል።

«ኸዚህ ነው» አለ። ቆፈሩ፤ የለም። «አይ፣ ኸዚህ።» የለም።

እናቴ ጃንጥላ ይዛ፣ ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አጥፋ ተቀምጣለች። ፀሐዩ ሲከር የወንዙን ድንጋይ አገኙት፤ ከደለሉ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ሥሩን ቆፈሩ፣ ዙሪያውን ቆፈሩ፣ ከዋልካ በቀር ምንም። ጎርፉ አንከባሎት ይሁን፣ በየዓመቱ የሚከፈትና የሚገጥመው መሬት ገፍቶት ይሁን፣ ማን ያውቃል።

«የቀበሩት ሰው እንዴት ይጠፋል?» አለ አጎቴ። ድምፁ ከፍ አለ።

ጎረቤታችን ድጅኖውን ጣለና አፈሩን በእጁ ይዳስስ ጀመር። «ወላሂ በዚህ እጄ ነው ያስቀመጥኩት» አለ። «እታለም፣ አፈር ስሆን፣ በዚህ እጄ ነው።» ጣቶቹ ይደማሉ። በአጎቴ ላይ ተናደድኩ፣ በከሰል አክሳዩ ተናደድኩ፣ በመጨረሻ የምቆጣበት ሰው አጣሁና አለቀስኩ።

«ይበቃል» አለች እናቴ። «ወንድም ዓለም፣ ተነሥ። አንተ ባትኖር ጅብ ነበር የሚቀብረው።»

አጎቴ አንድ ነገር በማድረግ ሊያጽናናት ፈልጎ ከረጢቱን ጠየቃት። «ኸዚሁ አፈር ሞልተን እንውሰድለት። ሥጋው አፈር ሆኗል፤ እሱው ነው።»

እናቴ ከረጢቱን ደረቷ ላይ ያዘችው። «ዋልካ ወደ ጋራ አታውጡ» አለች። «እዚያም ውሃ ይይዛል።»

ስንመለስ መምሬን መቃብሩ ጋ አገኘናቸው። የሆነውን ነገርናቸው።

«እንድፈነው» አሉ። «ባዶ አይደፈንም የሚሉት የሰው ወግ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም።»

አካፋውን የሚያነሣ ግን አልተገኘም፤ እሳቸውም አላነሡም።

«አይደፈን፣ አባቴ» አለች እናቴ። «ባለቤት አለው።»

ለማን ማለቷ እንደሆነ ገባን። «እብድ!» አልኳት፣ በሰው ፊት፣ እናቴን። አልተቆጣችኝም። መቃብሩን በክትክታ ቅርንጫፍ እንዲሸፍኑላት፣ ከላይ ድንጋይ እንዲጭኑበት አዘዘች።

ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንዳባራ ጋራ ወጥቼ ጉድጓዱን አይቼ እንድመጣ ላከችኝ። ወጣሁ። ውሃ ቋጥሮ ባገኘው ብዬ ተመኘሁ፤ ከቋጠረ ትተወዋለች፣ ከተወችው ትቆያለች ብዬ። ቅርንጫፉን ገለጥኩ። ግርጌው ረጠብ ብሏል እንጂ አንድ ጭብጥ ውሃ የለበትም። አንድ የወይራ ቅጠል ብቻ ወድቆበታል።

«ቋጠረ?» አለችኝ ገና በር ላይ ሳለሁ።

መዋሸት ፈለግኩ። «አልቋጠረም» አልኳት።

«ጎሽ» አለችና ጋቢዋን ተከናነበች።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲጥል በር ላይ መቆሟን ተወች። ነሐሴ ሳያልቅ ሞተች። ቀብሯ ላይ ዝናቡ አላቋረጠም፤ ሆኖም የጨለፈ ሰው አልነበረም። ወይራው ሥር ጋ ሲደርሱ ቃሬዛውን ትንሽ ማዘንበል ግድ ሆነባቸው፤ ከዚያ ወዲያ እንደተሰፋላት ልብስ ልክክ አለች። ሰው «አፈሩን ገለባ ያድርግላት» አለ። በዚያ አፈር ላይ ሲባል እኔም አሜን አልኩ። ከረጢቱን አብሬ ላስገባው ይዤ ሄጄ ነበር፤ ባዶውን ምን ብዬ? ይዤው ተመለስኩ።

ከጋራው ስወርድ ጫማዬ ንጹሕ ነበር። የወትሮውን መንገድ ጎርፍ ስለቆረጠው ግን መንደር ለመግባት ወደ ሜዳው ወርዶ በማሳችን ድንበር መዞር ግድ ሆነ። ጎረቤታችን አብሮኝ ነበር። ድንበሩ ላይ ስንደርስ ዋልካው አንድ ጫማዬን ይዞ አስቀረብኝ። በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ትከሻውን ይዤ፣ ሌላውን እግሬን የት እንደማሳርፍ ጨነቀኝ። ወንድሜ በየትኛው አፈር ሥር እንዳለ አላውቅም። ጎረቤታችንም አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ጫማዬን መንጥቆ አወጣውና ሰጠኝ፤ አላየኝም። ጫማው የወጣበት ጉድጓድ ወዲያው ውሃ ሞላ።