ሽማግሌዎቹን ያስቀመጠው እንግሊዛዊ

እኔ ፖለቲከኛ ድሮም አይጥመኝም። ይሄኛው ግን ሱቄ ድረስ መጥቶ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ያኔ ገና ተራ የፓርላማ አባል ነበር። ስደተኛው እንዴት እንደሚኖር ልይ ብሎ ከለንደን እኛ ሐበሾች የምንነግድበት የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ጀፕ፣ መጣና፣ ብርድ ልብስ የምሸጥበት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ ታሪኩን አጫወተን። አባቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። እሱም ተማሪ ሳለ የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ በር ላይ ዝናብ እየደበደበው አፓርታይድን ሲቃወም ይውል ነበር። ወይ ጉድ፣ እንዴት አንጀታችንን በላው!

የታናሽ እህቴ ባል ለንደን ነው። እሷ ልጇን ይዛ እዚህ ቪዛ ትጠብቃለች፤ አንዴም ከልክለዋታል። ታዲያ እኛ ምን አደረግን? እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ላክንበት። በማግስቱ ሦስት አዛውንት ጋቢያቸውን ለብሰው ያረፈበት ሆቴል ሄዱ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ተቀመጡ ቢላቸው እምቢ አሉ። የልጃችንን ነገር እሺ ሳትለን አንቀመጥም አሉት። ሰውየው ግራ ገባው፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በመጨረሻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ እባካችሁ ተቀመጡ» አለ።

ተቀመጡ። መረቁትም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ አስቀምጦ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው የለም፤ ነውር ነው። እሱ አገር ግን ሽማግሌ ማስቀመጥ ወንበር መስጠት ብቻ መሆኑን ማን ይንገረን?

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሽቅብ ወጣ። ፓርቲው ሲያሸንፍ ምክትል ሚኒስትር ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ የሚገባውንና የማይገባውን የሚወስን ዋና ሚኒስትር። ጀፕ ሠርግ ቤት መሰለች። «ሰውያችን ተሾመ» እየተባባልን ለስላሳ ተገባበዝን። ዙሉዋ ደንበኛዬ እንኳ በቋንቋዋ እየተገረመች «ሃይቦ፣ ማን አገባ?» ብላ ጠየቀችኝ። እህቴ ለልጇ የለንደን ብርድ የሚመልስ ካፖርት ገዛች።

ወር ሳይሞላ በቴሌቪዥን አየነው። ሚስቱን ማስመጣት የሚፈልግ ሰው ደሞዙ ጠቀም ያለ መሆን አለበት የሚል ሕግ ይዞ ቆሟል። የእህቴ ባል ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ነው። ይሁን፣ ሕግ ነው እንበል። ሰውየው ግን ቀጠለና እኛን አነሳን! ጆሃንስበርግ ውስጥ ነጭ የለበሱ አዛውንቶች ፊቱ መቆማቸውን፣ ሥቃያቸውን በዓይኑ ማየቱን፣ ውሳኔውም ቀላል እንዳልነበረ ተናገረ። ባልደረቦቹ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አብረውን ያዩ የነበሩት ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ምርቃታችንስ ደርሷል፤ ለእሱ» ብለው ወጡ። ያን ዓመት እህቴን ዳግም ከለከሏት።

አሁን በምርጫ ተሸንፎ ቤቱ ገብቷል። ካፖርቱም ሳይለበስ ልጇን ጠበበው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መልእክት ላከልኝ፤ የሕይወት ታሪኩን እየጻፈ ነው አሉ፣ ከእነዚያ የተከበሩ አዛውንቶች ጋር ፎቶ ለመነሳት ሊመጣ ይፈልጋል። ትልቁን ሽማግሌ እንኳ ቀብረናቸዋል። መልእክቱን ለእህቴ አነበብኩላት። ብርድ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀናም አላለች።

«ይምጣ» አለች። «ወንበር ግን እንዳታቀርብለት።»