ጳጉሜን የረሳው ቨርዥን

ሰው የሚጽፍልኝ የሆነ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ለማማረር አይደለም፤ ሥራው እንዲህ ነው። የሠራሁት ፓኬጅ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደኛ የሚቀይር ኮድ ነው። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች እንደ አዲስ ከመድከም የኔን በነጻ አውርደው በራሳቸው ሥራ ውስጥ ይከቱታል። ሲሠራ መኖሬን ማንም አያውቅም። ውሃ ሲመጣ ቧንቧ ሠሪውን ማን ያስታውሳል?

አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ግን አልመጣልኝም። ኮድ የተማርኩት በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ቀን ቀን ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ላፕቶፔን ከፍቼ የራሴን እነካካለሁ። የሱቁ ባለቤት፣ ማዘር ነው የምላቸው፣ ሲያዩኝ "ደግሞ ከዚያ ጥቁር ነገር ጋር ተፋጠጥሽ? ባል እንኳ እንዲህ አይታይም" ይሉኛል።

ፓኬጁን የጀመርኩት ለአንድ ሰው ብዬ ነው፤ አብራኝ ትኖር ለነበረችው ልጅ። ሁለታችን አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተን ነበር። የተወለደችው ጳጉሜ ሦስት ነው። አፕ ላይ ልደቷን ልታስገባ ስትሞክር ወር ከአሥራ ሁለት አያልፍም ይላታል። "በቃ እኔ አልተወለድኩም ማለት ነው" እያለች ትስቃለች። አንድ ቀን "ቆይ፣ እኔ እወልድሻለሁ" አልኳትና ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

ከኮድ ጋር ቴስት የሚባል ነገር ይጻፋል። አዲስ ቨርዥን፣ የኮዱ አዲስ እትም ማለት ነው፣ ከመውጣቱ በፊት ኮዱ የሚፈተንበት ጥያቄ ነው። ይህን ቀን ብሰጥህ ምን ትመልሳለህ? ልክ ከመለሰ አረንጓዴ፣ ከሳተ ቀይ ይበራል። የኔ ኮድ የመጀመሪያ ጥያቄ የሷ ልደት ነበር። ከጎኑ ስሟን ጽፌበት ነበር።

በሰኔ አገባች። የነገረችኝ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የባሏ ቤተሰቦች ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይነግዳሉ፤ እነሱ ጋ ልትገባ ፍራሿን ባጃጅ ላይ አስጫነች።

"ትደውይልኛለሽ አይደል?" አለችኝ በሩ ላይ።

"የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደውይ" አልኳት።

አፌ እንዲህ ነው። አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። የክፍላችን መብራት ማብሪያው በሷ በኩል ነው፤ ሁልጊዜ የምታጠፋው እሷ ነበረች። አሁን ተነሥቼ አጠፋለሁ፤ ከዚያ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወደ አልጋዬ እመለሳለሁ። ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ግን በጨለማ ስትሄጃት ትረዝማለች።

አንድ እሁድ ኮዱን ስከፍተው ስሟ ከላይ ቁጭ ብሏል። አጠፋሁት። ስሟን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም ጭምር። ሌላ ስንት ቴስት አለ አይደል ብዬ። ሌሎቹ በሙሉ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉ ቀኖች መሆናቸውን ልብ አላልኩም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ የማላውቀው የደመወዝ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ማሻሻያ ላከልኝ። ኮዱን ፈጣን አድርጎታል። በዚያው ግን የጳጉሜን ቀኖች ሁሉ ነሐሴ ሠላሳ አድርጓቸዋል። ለሱ ልክ ነው፤ ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፣ ነሐሴ ነው ጎትቶ የሚያሳልፋት። ደመወዝተኛ ሁሉ በሆዱ የሚቆጥራት እንዲያ ነው። እኔ ደግሞ ያየሁት ፍጥነቱን ነው። ቴስቱን አስኬድኩት፤ ሁሉም አረንጓዴ። አዲሱን ቨርዥን አወጣሁና ገጹ ላይ "ይሄኛውን ተጠቀሙ" ብዬ ጻፍኩ። ሰዎች እሺ ብለው የቨርዥኑን ቁጥር ፕሮግራማቸው ውስጥ ጻፉት።

ጳጉሜ አንድ ጠዋት ለአንድ ክሊኒክ የክትባት መመዝገቢያ ፕሮግራም የሠራ ሰው ቴሌግራም ላይ ጻፈልኝ። "ዛሬ የተወለደ ሕፃን ትናንት ተወለደ ይለኛል። ምን ላድርግ፣ እናትየዋን ልጠይቃት?"

ተረጋግቶ ማሰብ የሚባል ነገር አልተሰጠኝም፤ ወዲያው ገብቼ ቨርዥኑን ሰው ከሚያወርድበት የኢንተርኔት ማከማቻ አነሣሁት። መጀመሪያ የተስተካከለውን ማውጣት፣ ከዚያ የተበላሸውን ማንሣት ነበር ደንቡ። እኔ ገልብጬ ጀመርኩት። ማስተካከያውን ልጽፍ እጄን ኪቦርዱ ላይ ሳሳርፍ መብራት ሄደ። ላፕቶፔ ያለ ገመድ አንዲት ደቂቃ አይቆምም።

"መጣ ሲሉት ሄደ" አሉ ማዘር፤ ወንበራቸውን ወደ በሩ አወጡ።

ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ቁጥሩን የጻፉ ሰዎች ፕሮግራማቸውን ኢንስቶል ሊያደርጉ ሲሉ ኮምፒውተሩ ያንን ቁጥር ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ቀዩን ጽሑፍ ዘርግፎ ይቆማል። የኔ ትንሽ ኮድ ስለጠፋች ትልቁ ሥራቸው በሙሉ አልጫን ይላል። "ምን ነክቷችሁ ነው?" ይላል አንዱ፤ ብዙ የሆንን መስሎት። "አለቃዬ ጀርባዬ ላይ ቆሟል" ይላል ሌላው። ከሰኔ ጀምሮ እንዲያ ተፈልጌ አላውቅም።

ማዘርን አስፈቅጄ ታክሲ ይዤ ቦሌ ወረድኩ፤ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ። አንድ ማኪያቶ አዝዤ ሶኬት ያለበት ጥግ ተቀመጥኩ። ዙሪያዬ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። አስተናጋጁ "ሰው እየጠበቅሽ ነው?" ብሎ ትርፉን ወንበር ያዘ። "ውሰደው" አልኩት።

ጳጉሜን ወደ ቦታዋ መለስኩና አዲስ ቨርዥን በአዲስ ቁጥር አወጣሁ። አዲስ ቁጥር የግድ ነበር፤ ማከማቻው አንዴ የተነሣን ቁጥር ሁለተኛ አይቀበልም። ስለዚህ የድሮውን የጻፈ ሰው ሁሉ በገዛ እጁ መቀየር አለበት። ለእያንዳንዳቸው ጻፍኩ፤ ይቅርታ፣ ይህ ተነሥቷል፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ በዚህ ቀይሩት።

"ለአምስት ቀን ተብሎ ነው አገር የሚታመሰው?" አለኝ አንዱ።

"በአምስት ቀን ውስጥ ሰው አይወለድም?"

"ቢወለድስ ማን ያየዋል?"

አዲሱን ቁጥር ደግሜ ላክኩለት። እሱም ሌሎቹም ቀየሩት፤ ሠራላቸው፤ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ስልኬ ወደ ልማዱ ተመለሰ። ማኪያቶዬ ስልባቦት ይዟል።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ለሚ ኩራ የሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ናቸው። የምዝገባ ፕሮግራሙን የሠራላቸው የእህታቸው ልጅ ስልኩን አያነሣም። አዲስ ኮምፒውተር ገብቶላቸው ፕሮግራሙ አልጫን ብሏል፤ በማግስቱ ወላጆች ይመጣሉ። "ወንድም ዓለም፣ ነገ ግቢው በሰው ሲሞላ እኔ ምን ብዬ ልቁም? ርዳኝ" ብለው ጻፉልኝ። ቁጥሩ የቱ ጋ እንደሚቀየር ባስረዳቸው የስክሪኑን ፎቶ ጣታቸውን ደግነውበት ላኩልኝ፤ የጠቆሙት ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ነው። ጠዋት ራሴ እመጣለሁ አልኳቸው።

ጳጉሜ ሁለት ማለዳ ሄድኩ። ከታክሲው ወርጄ ያለው መንገድ ገና ያልተሠራ ነው፤ አሸዋና ብሎኬት እየዞርኩ ጭቃውን ተሻገርኩት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጆች ፋይላቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ሬጅስትራሩ ኮት ለብሰው ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደዳሉ።

"ጋሼ፣ ለኮምፒውተሩ ነው የመጣሁት።"

"ወንድምሽ የት አለ?"

"ወንድም የለኝም። ትናንት ሲያወሩ የነበሩት ከኔ ጋር ነው።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። "ታዲያ ወንድም ዓለም ስልሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"ጭንቅ ላይ ነበሩ ብዬ ነው።"

"ግቢ፣ ግቢ። ሻይ ይምጣልሽ?"

"መጀመሪያ ይሥራ።"

ፋይሉን ከፍቼ ቁጥሩን ቀየርኩና ኢንስቶል አልኩት። እሳቸው ከኋላዬ ሆነው በየመስመሩ "ይሄስ ደህና ነው? ይሄስ?" ይላሉ። የኔ ኮድ ተራ ደረሰ። አለፈ። የምዝገባው ገጽ ተከፈተ። "ተመስገን!" ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝና በሩን በረገዱት፤ ሰው ገባ።

ከፊት ከነበሩት አንዷ እናት የልጇን የልደት ካርድ ሰጠቻቸው። ጳጉሜ አራት ይላል። ጋሼ ቁጥሩን በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ አስገቡት። ስክሪኑ ላይ ጳጉሜ አራት ሆኖ ተቀመጠ። እናትየዋ አየችውና ፈረመች፣ ቦርሳዋን ዘጋች፣ ሄደች። ሌላ ምን ይሆናል ብላ ታስብ? እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ አንድ ነገር ትል እንደሆን ስጠብቅ ነበር። ጋሼ ቀጣዩን ጠሩ። ሻዩን ረሱት። እኔም በዚያው ወጣሁ።

ማታ ለብቻዬ ተቀምጬ የሷን ቴስት መልሼ ጻፍኩት፤ ከነስሟ፣ ከላይ፣ በፊት የነበረበት ቦታ። ይህ ጥያቄ ቦታው ላይ ቢሆን ኖሮ የደመወዙ ሰውዬ ማሻሻያ ገና ከበሩ ቀይ በርቶበት ይመለስ ነበር። አሁን አስኬድኩት። አረንጓዴ።

በማግስቱ ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ቀን፣ ጠዋት ዘነበ። የግቢው ልጆች ልብሳቸውን ጥለው "አሳድገኝ! አሳድገኝ!" እያሉ ዝናቡ ውስጥ ይጮሃሉ። እኔ በሩ ላይ ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ። ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይቅርታ ስጽፍ ሰንብቼ ለሷ መደወል እንዲህ ያቅተኝ? ደወልኩ።

"ሃሎ?"

"እኔ ነኝ።"

"አውቄሻለሁ እኮ። ቁጥርሽን የማጠፋው መስሎሻል?"

"እንኳን ተወለድሽ።"

ከኋላዋ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል። "እዚህ መስከረም አንድ ነው የሚያከብሩልኝ" አለች። "ከእንቁጣጣሽ ጋር ይሁን፣ ለጳጉሜ ማን ዶሮ ያርዳል አሉ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ምን እላለሁ? አዲስ ሙሽራ ነኝ። እሺ አልኩ።"

ጳጉሜን አንዱ ወደ ነሐሴ ይገፋታል፣ ሌላው ወደ መስከረም ይስባታል። "እኔ ጋ ጳጉሜ ሦስት ነሽ" አልኳት። "ኮዱ ላይ ተጽፏል። ከነስምሽ።"

"ውይ! ሰው ያየዋል?"

"ማንም አያየውም። ቴስት የሚከፍት ሰው የለም።"

"ይሻላል" አለች። ከዚያ "አታጥፊው ግን" አለች።

አጥፍቼው እንደነበር አልነገርኳትም። አንዲት ሴት "የት ነሽ? በርበሬው ዝናብ ነካው!" እያለች ተጣራች፤ "መጣሁ እማማ! ቻው፣ ቻው" ብላ ዘጋችው። ማን ይደውል የሚለው ነገር ሳይነሣ ቀረ።

ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹ ተጠርተው ገቡ። ቴሌግራሙን ከፈትኩት። አዲስ መልእክት የለም። ሁሉም ጋ እየሠራ ነው ማለት ነው።