ሳነቴን ያቋርጥ የነበረው አውቶቡስ

አባዬ ከደሎ መና ጎባ የሚመላለስ አሮጌ አውቶቡስ ነበረው። የሀረናን ጫካ ሽቅብ ወጥቶ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ ከሰዓት በኋላ ጎባ ይገባል።

አንድ ክረምት፣ ጫካው ውስጥ ካለ መንደር አንዲት ሴት የታመመ ባሏን ደግፋ ተሳፈረች። ጎባ ሆስፒታል ልታደርሰው ነው። አባዬ ከራሱ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሳነቴ ላይ ጉም ወረደ። አባዬ መንገዱ ስላልታየው መኪናውን እያስዳኸ ሲነዳ፣ ከኋላው የሴትየዋ ድምፅ አልተቋረጠም። በኦሮምኛ «አማ ጌኛ» ትለዋለች ባሏን፤ «አሁን እንደርሳለን» ማለቷ ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ አባዬ ሊያግዛት ዞረ። ሰውየው በርዷል።

«መቼ ነው ያረፈው?» አላት።

«ጫካውን ሳንወጣ።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እህቴ?»

«ብርድ ላይ ያወርዱናል ብዬ ፈራሁ።»

ያን ቀን አባዬ እህል አልቀመሰም። «እኔ እኮ አላወርዳቸውም ነበር» ይላል፣ እናቴን እያየ። ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሳይዞር «እሺ፣ እየደረስን ነው» ማለት ጀመረ። ተሳፋሪው መንሾካሾክ አበዛ። በመጨረሻ አባዬ አውቶቡሱን ግቢያችን አምጥቶ አቆመው። ዶሮዎች ወንበሮቹ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። እሱ ግን ጉም ባለበት ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ይወጣና የአውቶቡሱ በር አጠገብ ይቆማል።

አባዬ ካረፈ በኋላ፣ ሮቤ ጋራዥ ያለው ባለቤቴ አውቶቡሱን ላድሰው አለ። እናቴ «ሞተሩን ቀስቅስ፤ ሌላውን ግን አትቀስቅስ» አለችው። እሱ ሞተሩን አውርዶ ሠራ፤ ዝገት የበላውን ወለል በየደው። እኔ ዝገቱን ፋቅሁ፤ የወንበሮቹን ልብስ ሰፋሁ። ሰማያዊ ቀለም ሲቀባ እናቴ ከቤት ወጥታ ማየት አልፈለገችም።

ልንሞክረው እኔና ባለቤቴ ብቻ ወደ ሳነቴ ወጣን። መጨረሻው ወንበር ላይ ሆኜ የወለሉን መንቀጥቀጥ አዳምጣለሁ። አምባው ላይ ስንደርስ ጉሙ መጣ። ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ምን አልሽ?» አለኝ ድንገት።

«ምንም አላልኩም።»

«አሁን እንደርሳለን አልሽ እኮ!»

ታሪኩን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ምናልባት ከከተማው ሰው ሰምቶት ይሆናል። «ወደ ቤት መልሰን» አልኩት፤ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

አውቶቡሱ ዛሬ ሳነቴን ሳይነካ በሮቤና በጎሮ መካከል ይሠራል። በገበያ ቀን ሰውና በግ ጢም አድርጎ ይሞላዋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። እኔም እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው የምሳፈረው።