የፍየሏ አጓት

ልጄ ጡንቻ ያወጣል የተባለለትን ዱቄት በትልቅ ጣሳ ይዞ ገባ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ከአጓት የተሠራ ነው እማዬ፣ ውድ ነው» አለኝ። በእኛ አገር አይብ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አጓት ለውሻና ለጥጃ ነበር የሚሰጠው። ልስቅ ስል ወርቄ ትዝ አለችኝና ወደ ጓዳ ገባሁ።

ወርቄ የጎረቤታችን የእትዬ የሺ ልጅ ናት። አርዲቦ ሐይቅን ቁልቁል በሚያየው ሰፈራችን እኛ እስላም፣ እነሱ ክርስቲያን ነበርን፤ የሁለታችንንም ጠጉር የምትሠራው ግን እናቴ ነበረች። በደርግ ጊዜ ድርቁ በበረታበት ዓመት፣ ሁዳዴ እንደገባ ወርቄ ታመመች። ስምንት ዓመቷ ነበር። እትዬ የሺ «ምሕረት እስኪወርድ ቤቴ አይገድፍም» ብለው ተስለዋል። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ስለቱን ካፈረሱ ልጅቷ የምትሞትባቸው መስሏቸው ነው።

ላሞቻችን አልቀው አንዲት ፍየል ቀርታን ነበር። እናቴ የረጋውን ወተት ለስለስ ባለ እሳት ጥዳ፣ አይቡ ሲለይ አጓቱን በጨርቅ አጠለለችው። «ፍየል የማትቀነጥሰው ቅጠል የለም፤ አጓቷ መድኃኒት ነው፣ ሆድም አይከብድ» ትል ነበር። የላም አጓት ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ያስታውቃል። የፍየሏ ግን ነጣ ያለ ነው፤ የገብስ ውሃ ነው ቢሉት ማንም ያምናል። ኩባያውን አስያዘችኝና፣ «የገብስ ውሃ ነው በያቸው፤ ሌላ እንዳትናገሪ» አለችኝ።

«ውሸት አይሆንም?» አልኳት።

«ወንጀሉ በኔ ይሁን።»

በዚያ ሰሞን ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩን ሸህ ውሸትን አጥብቀው አስጠንቅቀውን ነበር። «እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ይሉን ነበር። እኔ ደግሞ ከልጆቹ ሁሉ እውነተኛዋ መባል ያምረኛል።

እትዬ የሺ ኩባያውን ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ምንድን ነው ዘሀራዬ?» አሉኝ። ወርቄ መደቡ ላይ ተኝታ ታየኛለች።

«የፍየል አጓት ነው» አልኩ።

ኩባያውን መለሱልኝ። «እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት» አሉ፤ እንባቸው ይወርዳል።

ወርቄ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ለቀብሯ ከገዳም የመጡት የንስሐ አባታቸው፣ «ምነው ሳትጠይቂኝ፣ የሺ? የታመመ ልጅ እኮ ጾም የለበትም» ሲሏቸው ሰማሁ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ሳለቅስ «አብሽሪ፣ ቀኗ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን መልእክት ሲኖራት ወንድሜን ነበር የምትልከው።

ያኔ እውነት መናገር ብቻውን ደግ ሰው የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ብዙ ዋሽቻለሁ። ወንድሜን ለውትድርና ሊወስዱት ሲመጡ ጎተራ ውስጥ ደብቄው ውጫሌ ሄዷል ብያለሁ። እናቴ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ትድኛለሽ ብያታለሁ። ከእነዚህ አንዱም አልጸጸተኝም። የሚጸጽተኝ ያ እውነት ነው።